የእማማ አንጓች ግድግዳ

ሥራዬ ንብ መሆን ነው። መታወቂያዬ ላይ «ብናኝ አቀባይ፣ ሦስተኛ ደረጃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰው ግን ንብ ነው የሚለን። «ንቦቹ ምሳ ላይ ናቸው» ይባላል። ባሌም በሕይወት ሳለ «የንቧ ባል» ነበር የሚባለው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስጠራ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር ያለኝ በ2074 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ እውነተኛዋን ንብ ካየኋት በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው በወረቀት ነው፤ ወረቀት የሚያነብ ስለሌለ። ጽሑፍ ለምጄም አይደለም። ተናድጄ ነው። ይበርድልኛል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም።

የምኖረው ጎጃም ውስጥ፣ ኮሶ ሜዳ በሚባል ቀበሌ ነው። ኮሶ የሚባለውን ዛፍ እኔ አላየሁትም፤ እናቴም አላየችውም። ያለን ኑግ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ኑግ ደግሞ በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ካልነካው አበባው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ድሮ ይህን ሥራ ንቦች ማንም ሳያዛቸው ይሠሩት ነበር አሉ። አሁን እኛ እንሠራዋለን። መቃ ጫፍ ላይ የታሰረ የዶሮ ላባ ይዘን ረድፍ እንገባና ከአንዱ አበባ ወስደን ለሌላው እንሰጣለን፤ በቀን ሁለት ሺህ አበባ። ባርኔጣችን ላይ ያለው ዓይን ይቆጥራል። አንዱን አበባ ሁለቴ ብትነካው ያውቃል፤ ቆም ብለህ ብታስነጥስም ያውቃል።

ሐሙስ ሐሙስ ጉም አለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጥሩንባው ይነፋል። ዶሮ ይገባል፣ የውሃ በርሜል ይከደናል፣ እርጥብ ጨርቅ ከበር ሥር ይወተፋል። ሰው አልባ በራሪዎቹ ከወረዳ ተነስተው ይመጡና ጉሙን ማሳው ላይ ያፈሱታል፤ እኛም እስከ አምስት ሰዓት ቤት ውስጥ እንቀመጣለን። ልጆች «ጉም ጉም» የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ ትንፋሹን ቀድሞ ያወጣ ሞተ ይባላል። ጉሙ የሚረጨው ለተምች ነው። ተምቹ ሃምሳ ዓመት ሲረጭበት ኖሮ ዛሬም አለ፤ እንዲያውም ወፍሯል። ያለቀው ሌላው ሁሉ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ባሌ የሞተው በሳንባ ነው፤ አራት ዓመት ሆነው። የሞት ወረቀቱ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ይላል። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጥሩንባ አስነፍቶ ይመጣል።

እማማ አንጓች የሟች እናቴ ጓደኛ ናቸው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከማሳችን ዳር ነው፤ በቀበሌው ውስጥ የቀረ አንድ የጭቃ ቤት እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚኖረው ማሽን መጥቶ በሦስት ቀን በተከለለት ቤት ውስጥ ነው። እሳቸውን ግን ማሽኑ መጥቶ «ይነሱ» ቢላቸው «አንተ ተነስ» ብለው መለሱት።

የእሳቸው ግቢ ላይ ጉም አይወርድም። የበራሪዎቹ ካርታ ላይ ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ ይላል፤ ውሃ ካለበት ዙሪያውን ሁለት መቶ እርምጃ አይረጭም። ጉድጓዱ ከደረቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ካርታው ግን አልሰማም። ስለዚህ እዚያ ግቢ ውስጥ ሌላ ቦታ የጠፋው ሁሉ ይበቅላል፤ ግራዋ፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ማንም ሳይዘራው የወጣ ኑግ። እኔም ምሳዬን የምበላው እዚያ ጥላ ሥር ነው። ያየኋትም እዚያው፣ የግራዋው አበባ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ መሰለችኝ። ተቆጣጣሪዎቻችን ከዓመት ዓመት እየረቀቁ ስለሄዱ፣ ዘንድሮ ደግሞ እንዲህ ያለች ሚጢጢ ላኩብን ብዬ ምሳዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። ባርኔጣዬን አስተካከልኩ። ላባዬንም አነሳሁ። እሷ ከቁብ አልቆጠረችኝም። አንዱ አበባ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀብራ ፊቷን ሁሉ በብናኝ ለቅልቃ ወጣችና ወደ ሌላው ሄደች። ያን ጊዜ ነው ፀጉሯን ያየሁት። ሥልጠና ላይ ያሳዩን ምስል ፀጉር አልነበረውም። እኔ አንድ አበባ ላይ አራት ሰከንድ እፈጃለሁ፤ በዚህም ጎበዝ እባላለሁ። እሷ አራት ሰከንድ ሳይሞላ ሦስቱን ጨርሳ ነበር። ላባዬን ከኋላዬ ደበቅሁት።

ተከተልኳት። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ፣ ልስኑ ረግፎ ጭቃው ገጦ በቀረበት፣ እርሳስ በምታስገባ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። አጠገቧ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያም ሌላ። ስልሳ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያንጎራጉራል።

እማማ አንጓች ከማጀት ወጥተው አዩኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እማማ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ግድግዳው።»

«አትይብኝ እስቲ» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ዘንድሮ ልለስነው፣ ዘንድሮ ልለስነው እያልኩ ወገቤ እንቢ አለኝ። ጥንዚዛ ቤት ሠራችበት። የሰው መሳቂያ ሆንኩ።»

«ጥንዚዛ አይደለችም። ንብ ናት።»

«ማሯስ? ጣዝማ እንኳ መሬት ውስጥ ተቀብራ ማር አላት። ይቺ ምንም የላት፤ ሥራዋ ጭቃዬን መቆፈር ነው።»

ያኔ ቁጭ አድርጌ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ የቀረው ሁሉ አይመጣም ነበር።

እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝ። በዚያው ምሽት ለሕያዋን ቆጠራ ማዕከል ምስሉን ላክሁ። ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው፤ አገሪቱ ውስጥ የቀረውን ተክልና ነፍሳት የሚቆጥረው እሱ ነው። ሕጉን ሥልጠና ላይ በቃላችን አጥንተነዋል፤ ሕያው ብናኝ አቀባይ በተረጋገጠበት ቀበሌ ጉም ለዘለቄታው ይቆማል። እስከዚያ ቀን ድረስ በአገሪቱ ሦስት ቀበሌዎች ብቻ ናቸው ይህን ያገኙት። አራተኛው ኮሶ ሜዳ ሊሆን ነው። ሐሙስ ጠዋት ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ ስሞቅ ታየኝ።

መልሱ ወዲያው መጣ። አመሰገኑኝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ባለሙያ እንልካለን አሉ። ከሥሩ ደግሞ በቀይ «እስኪረጋገጥ ድረስ ለማንም እንዳይነገር፤ ለባለ ይዞታዋም ጭምር። ሕያው ነፍሳት ይሰረቃሉ» የሚል ነበር። የእማማ አንጓችን ንብ እማማ አንጓች ይሰርቋታል ማለት ነው። አነበብኩት፣ ደነቀኝ፣ ታዘዝኩ።

ማዕከሉ ለቀበሌውም ጻፈ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ይስማው የደረሰው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ «ማክሰኞ ከማዕከል እንግዳ ይመጣል። የሚታየው የወይዘሮ አንጓች ቤት የኋላ ግድግዳ ነው።» ለምን እንደሚታይ አልተጻፈም። ምሥጢር ነዋ።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ። ካፊያ ሲሆን ንቦቹ አይወጡም፤ እኛ ግን እንወጣለን። ከጠዋት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እርጥብ ኑግ ውስጥ ቆሜ ዋልኩና፣ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። አሥር አሥራ ሁለት ሴቶች እጃቸው እስከ ክርናቸው ግራጫ ሆኖ ይስቃሉ። ደቦ ወጥተው ነው። ሦስት ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት በሩ ሥር ተጥሏል። አቶ ይስማው ክንዱን አጣጥፎ በመሐል ቆሟል።

«መጣሽ ሽታዬ?» አሉኝ እማማ አንጓች፤ ጎትተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። «እስቲ እዪልኝ። እንግዳ ሊያየው ይመጣል አሉኝ፤ የኔን ግድግዳ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ። እንዴት ያንን አሳያለሁ? ጎረቤትን እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀበሌንም ይስጥልኝ፣ ሲሚንቶ አመጡልኝ።»

ግድግዳው መስታወት ሆኗል። አንዲት ቀዳዳ የለችም። ልስኑ ሳይደርቅ እሳቸው በጣታቸው ዙሪያውን አበባ ሥለውበታል።

እንግዲህ ማንን ልስደብ? እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ መለሰን እኛ ዘንድ ወግ ነው። እናቴም ታደርገው ነበር፤ ሳላውቅ ብቆይ እኔም ጭቃ አቡክቼ እገባ ነበር። ገመናውን ለእንግዳ ገልጦ የሚያሳይ ማን አለ? ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ያንን ደብዳቤ የጻፈው ሰውም እናት ይኖረዋል። አንድ መስመር ቢጨምር፣ «ግድግዳው እንዳይነካ» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?

በጥፍሬ ልስኑን መቧጠጥ ጀመርኩ። ደርቋል። ጥፍሬ ተሰበረ።

«ምነው? ምነው ልጄ?» አሉ እማማ አንጓች።

ነገርኳቸው። ሁሉም እየሰሙ ነገርኳቸው። ሴቶቹ ግራጫ እጃቸውን ማየት ጀመሩ።

እማማ አንጓች ግድግዳውን አዩት። «እኔ'ኮ አፍሬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አፍሬ ነው እንጂ እኔ ምን አስጨነቀኝ።»

«እንስበረው» አልኩ። «አሁን ከሰበርነው ይተርፋሉ።»

አቶ ይስማው ከፊቴ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለባሌ ቀብር ድንኳን የተከለው እሱ ነው። «ሽታዬ፣ አስቢበት እንጂ። የመንግሥት ሲሚንቶ ነው። ሪፖርት አድርጌያለሁ፤ ፎቶውም ወረዳ ደርሷል። ነገ እንግዳዋ መጥታ የፈረሰ ግድግዳ ስታገኝ እኔ ምን እላለሁ?»

«ንብ አለበት በላት።»

«ነገ ራሷ ትየው። ባለሙያ አይደለች? ታውቅበታለች።» አለና ሚሊሻ አቆመበት። በሕይወቴ ልስን ሲጠበቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ዶክተር ናርዶስ መጣች። ወጣት ናት፤ ትሕትናዋን አልክድም። ለእማማ አንጓች ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፣ እኔንም እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ግድግዳውን ስታይ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ማንም ምንም ሳይነግራት ገባት።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ሥራዋ እንዲህ ነው፤ የግራዋው አበባ ፊት ለፊት ትቆማለች፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ትቆጥራለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትቆጥራለች፤ ሦስት ጊዜ። የመጣ ይጻፋል፤ ያልመጣ አይጻፍም። ፀሐዩ ደግሞ ያን ቀን ብሎ ብሎ ፍንትው ብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ አንድም የሚበር ነገር የለም። መጀመሪያው ዜሮ። ሁለተኛው ዜሮ። ሦስተኛውን ስትጨርስ እጇን ይዤ ወደ ግድግዳው ወሰድኳት።

«ጆሮዎን ያድርጉ» አልኳት።

አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች።

«ይሰማኛል» አለች።

«ይጻፉት እንግዲህ።»

«ሽታዬ፣ መስማት መስፈርት ውስጥ የለም። መታየት አለባት፤ ወይ አበባ ላይ፣ ወይ ስትገባና ስትወጣ።»

«ታዲያ እንክፈትላቸውና ይውጡ።»

ከንፈሯን ነከሰች። «የሕያው ብናኝ አቀባይ ጎጆ ማፍረስ በሕግ ያስቀጣል።»

«ጎጆ መኖሩን ጻፉልን ስንል የለም አላችሁ። እናፍርሰው ስንል አለ ትላላችሁ። የቱ ነው?»

«አውቃለሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እንባዋ ይበልጥ አናደደኝ። የሚያለቅስ ሰው ላይ መጮኽ አይቻልማ። ባትቆረቆርማ ኖሮ ጉሮሮዋን ባነቅሁ።

በመጨረሻ የምትጽፍበት ሰሌዳ የመዝጊያ ጥያቄዎች አወጣላት፤ የግቢው ስፋት፣ የተክሉ ዓይነት፣ የውሃ ምንጭ። አቶ ይስማው ሲጠብቅ የነበረው ይህን ነው። «የውሃ ነገር ካነሱት ዶክተር፣ ይኸ ጉድጓድ ከደረቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ አጋጣሚ ፓምፕ ቢታሰብልን» አለ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ጠጠር ወረወረበት። ጠጠሩ ደረቅ መሬት ሲመታ ሁላችንም ሰማን።

ዶክተር ናርዶስ አላሰበችበትም። ሐሳቧ ግድግዳው ላይ ነበር። ጣቷ «የለም» የሚለውን ነካ፤ ሰሌዳው ተዘጋ። እኔም አጠገቧ ቆሜ አላሰብኩበትም። ሁላችንም ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ እማማ አንጓች ስልካቸውን ይዘው መጡ፤ ዓይናቸው ስለደከመ መልእክታቸውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። «የተከበሩ ወይዘሮ አንጓች፤ ግቢዎ ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ የጉም አገልግሎት ተጠቃሚ ሆኗል። እንኳን ደስ አለዎት» ይላል።

ሁለቴ አነበብኩላቸው፤ ካርታው ስለ ጉድጓዱ ሰምቷል ማለት ነው። ማዕከሉ ጋ ደወልኩ። የሚያናግረኝ ድምፅ በጣም ጨዋ ነው፤ የካርታ እርማት አቤቱታ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል አለኝ። እስከዚያ ስድስት ሐሙስ አለ አልኩት። ስለ ደወሉልን እናመሰግናለን አለኝ።

እማማ አንጓች ማጀት ገብተው ዲጅኖ ይዘው ወጡ። ሚሊሻው እንግዳዋ ስትሄድ ተነስቶ ነበር፤ ባይነሳም ኖሮ ያን ሰዓት የሚያቆማቸው ሰው አልነበረም። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው ታሟል። በመጀመሪያው ምት የሳሉትን አበባ መሐሉን ለሁለት ከፈሉት።

«የሕግ ያለህ! ያስቀጣል ተብሏል'ኮ እማማ» አልኳቸው፤ ለራሳቸው ብዬ ነው።

«ይቅጡኝ» አሉ። «ግድግዳው የኔ ነው። የደፈንኩትም እኔ ነኝ።»

ዲጅኖውን ተቀበልኳቸው። ሲሚንቶው በገበታ በገበታ ተላቆ ወደቀ። ከሥሩ ቀዳዳዎቹ አፋቸው በግራጫ ጭቃ ተሞልቷል። ወስፌ አምጥተን አንድ በአንድ ወጋናቸው። ብዙዎቹ ሞተዋል፤ አፋቸው ድረስ መጥተው፣ ጭንቅላታቸውን ሲሚንቶው ላይ እንደ ደገፉ። እማማ አንጓች ሬሳቸውን በመሐረብ ሰበሰቡ። ከግርጌ፣ ልስኑ ከሳሳበት በኩል፣ አንዷ እየተንገዳገደች ወጣች። ቆመች፣ ፊቷን በእጇ አሻሸች፣ በረረች። ከዚያ ሌላ። አሥራ አራት ወጡ። ዶክተሯ ከሄደች ሦስት ሰዓት አልሞላም።

ደውዪላት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስልኩን አንስቼ ነበር። እማማ አንጓች እጄን ያዙኝ።

«ለማን ልትነግሪ ነው?»

«ለዶክተሯ። አሉ ብዬ።»

«መጀመሪያ ብትነግሪያቸው ደፈንናቸው። ሁለተኛ ቢመጡ ጉም ሰደዱባቸው። ሦስተኛ ምን ሊያደርጉልሽ ነው?»

አሥራ አራት ዓመት የተማርኩት ሁሉ መቁጠርና ማሳወቅ ነው። ስልኩን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ ዋሉ። አሥራ አራቱም ግራዋው ላይ ዋሉ። ማሳ የገባሁት አርፍጄ ነው፤ ባርኔጣዬ ከሰሰኝ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ ገና ሳይለቃቸው፣ ሁሉም ቀዳዳቸው ውስጥ እንዳሉ፣ እማማ አንጓችና እኔ ጭቃ ይዘን ግድግዳው ሥር ቆምን። ሲሚንቶ የሌለበት፣ ጭድ የበዛበት፣ ቀጠን ያለ ጭቃ ነው። ቀዳዳዎቹን እኛው ራሳችን ደፈንናቸው። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ እማማ አንጓች ናቸው የጀመሩት። ግራዋውንና ዳማከሴውን የኑግ ክምር በምንከድንበት ሸራ ጠቅልለን አሰርን። ሦስት ሰዓት ላይ ጥሩንባው ተነፋ፤ በራሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢው ላይ ወረዱ። ከውስጥ ሆነን ጉሙ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሽስ ሽስ የሚል ድምፅ ሰማን። እማማ አንጓች ስንት ዓመት የረሱትን ሳል ያን ቀን አስታወሱት።

አምስት ሰዓት ላይ ወጥተን ግድግዳውን በውሃ አጠብን፣ ሸራውን ፈታን፣ በወስፌ ከፈትንላቸው። አሥራ አንድ ወጡ።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ሐሙስ አለፈ። የካርታው መልስም መጣ፤ «የውሃ ምንጭ አለመኖሩ በባለሙያ ስለ ተረጋገጠ አቤቱታው ውድቅ ሆኗል» ይላል። ከአሥራ አንዱ ስድስት ቀርተዋል። ግን ንቦቹ ራሳቸው ቀዳዳዎቹን ውስጥ ውስጡን በጭቃ እየደፈኑ ነው፤ እንቁላል እየጣሉ ነው ይላሉ እማማ አንጓች፣ ማንም ሳያስተምራቸው። የሚመጣው ዓመት እዚያ ውስጥ ተኝቷል። በየወሩ መጨረሻ ማዕከሉ ቅጽ ይልክልኛል፤ «በአካባቢዎ የታየ ሕያው ነፍሳት» ይላል። «የለም» ብዬ እሞላለሁ።

ትናንት ረቡዕ ማታ መሸት ሲል ዶክተር ናርዶስ ራሷ ደወለች። በመሥሪያ ቤቱ መስመር አልነበረም።

«ሽታዬ፣ የደወልኩት ለሥራ አይደለም» አለች። «ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ስድስት ዓመት ነፍሳት ስቆጥር ሕያው ንብ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከግድግዳው የተረፈ ነበር?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ለማንም አልናገርም። አልጽፈውም። መጥቼ በዓይኔ አይቼ ልሂድ ብቻ።»

እውነቷን ነው። ድምፅዋ ይታወቃል። ነገር ግን ያን ቀንም እውነቷን ነበር፤ ጣቷ ነው «የለም» ያለው። ትመጣለች፤ ስትመጣ ስልኳ አብሯት ይመጣል፤ ስልኳ የት እንደዋለች ይጽፋል፤ አንድ ሰው ያነበዋል፤ ደብዳቤ ይጻፋል።

«የተረፈ የለም ዶክተር» አልኳት።

«አንድም?»

«አንድም።»

መተንፈሷን ሰማሁ። «እንግዲያው የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

አይደለሽም ልላት እችል ነበር። ብላት ግን እንዴት አወቅሽ ትለኛለች። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ልላትም አልፈለግሁም። ስድስቱን ካየሁበት ቀን ጀምሮ ለማዕከሉ ሰው የማዝንበት ቦታ ውስጤ ደርቋል፤ ለእሷ ግን አዝናለሁ፣ አዝኜም አልነገርኳትም።

«ደህና እደሪ» አለችኝና ዘጋች። እማማ አንጓች ጭቃውን አቡክተው ጨርሰው ውጭ እየጠበቁኝ ነበር። ቀጥኗል አልኳቸው፤ ጭድ ጨመርንበት፤ ለሐሙስ በላስቲክ ሸፍነነው ገባን።